እኔ ጋ ይሠራል፣ ሰርቨሩ ላይ ይወድቃል፦ የዴቢያን ፓኬጅ በላፕቶፓችሁ ልክ እንደ ቢልድ ሰርቨሩ እንዲሠራ ማድረግ

ድሬዳዋ ውስጥ ፓኬጅ መሥራት የጀመሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ፓኬጁ እኔ ላፕቶፕ ላይ ቀጥ ብሎ ይሠራል፤ ዴቢያን ጋ ሲደርስ ግን ይወድቃል። ምን አጥፍቼ ነው?» ከሳቢያንም፣ ከከዚራም፣ ከዩኒቨርሲቲው ዶርምም የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው። ስለዚህ መልሱን አንዴ በደንብ ልጻፈው። ዴቢያን የሊኑክስ ሲስተም ነው፤ ፓኬጅ ማለት እሱ ላይ እንዲጫን የታሸገ ፕሮግራም፣ ቢልድ ማድረግ ማለት ደግሞ ፓኬጁን ከሶርሱ፣ ማለትም ከፕሮግራሙ ኮድ፣ ማውጣት ነው። ከዚህ በታች «ሰርቨሩ» የምለው ይህን የሚሠራውን የዴቢያን ቢልድ ሰርቨር ነው።

ብዙ ጊዜ ኮዱ ላይ ምንም ጥፋት የለም። ችግሩ ላፕቶፓችሁ ላይ ሰርቨሩ የሌለው ብዙ ነገር መኖሩ ነው። እናት የወጥ አሠራር በስልክ ስትነግር ጨውና ዘይቱን ሳትጠራ ታልፋለች፤ እሷ ማጀት ሁልጊዜ ስላሉ። ላፕቶፓችሁም እንደዚያው ነው። ላይብረሪ ጭናችኋል፣ አማርኛ አስገብታችኋል፣ ሰዓቱን የአዲስ አበባ አድርጋችኋል፣ ኢንተርኔት አለ። ፓኬጁ እነዚህን ሁሉ ሳይጠራ ይጠቀማል። ሰርቨሩ ግን ስሙ የተጠራለትን ብቻ ነው የሚጭነው።

ቢልድ ሰርቨሩ የሚያደርገውን በአጭሩ ላስቀምጥ፤ ከታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ከዚህ የሚነሱ ናቸው። የላካችሁትን ሶርስ ይቀበላል። ለእያንዳንዱ ቢልድ ባዶ ሊባል የሚችል አዲስ ዴቢያን ይከፍታል። ኮንትሮል በሚባለው ፋይል ውስጥ «ቢልድ-ዲፔንድስ» በሚለው ሥር የዘረዘራችሁትን ይጭናል። ቢልድ ያደርጋል። ሲጨርስ ያን ዴቢያን እንዳለ ይጥለዋል። ይህን የሚሠራበት ፕሮግራም ኤስቢልድ ይባላል። ደስ የሚለው ነገር፣ ያንኑ ፕሮግራም እናንተም ላፕቶፓችሁ ላይ መጫን ትችላላችሁ።

የትዕዛዞችንና የፋይሎችን ስም እዚህ የምጽፈው እንደሚነበቡ ነው። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚተየቡት። የእያንዳንዱ ምርጫ ትክክለኛ አጻጻፍ «ማን ገጽ» በሚባለው የፕሮግራሙ መመሪያ ላይ አለ፤ ከፍታችሁ አጠገባችሁ አድርጉት።

የሚያስፈልጋችሁ

- ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ያለበት ላፕቶፕ። ዊንዶውስ ብቻ ካላችሁ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ዴቢያን ጫኑ።
- 20 ጊጋባይት ያህል ክፍት ዲስክ። ራም 4 ጊጋ ካለ ትንንሽ ፓኬጆችን ያስኬዳል፤ 8 ከሆነ ትንፋሽ ይሰጣችኋል።
- እነዚህ ፓኬጆች፦ ኤስቢልድ፣ ኤምኤምዴብስትራፕ፣ ዩአይዲማፕ፣ ዴቭስክሪፕትስ፣ አፕት-ካቸር-ኤንጂ። ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ የዴቢያንን ፊርማ ማረጋገጫ ቁልፎች የያዘውን ዴቢያን-አርካይቭ-ኪሪንግንም ጨምሩ።
- ሙሉ የሆነ ባትሪ። መብራት መሃል ላይ ቢሄድ ኤስቢልድ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

የሙቀቱን ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። የድሬ ቀትር ላይ ላፕቶፕ ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። «በ2 ሴኮንድ ውስጥ መልስ ካልመጣ ወድቋል» የሚሉ ቴስቶች ያኔ ያለ ጥፋታቸው ይወድቃሉ። ትልቅ ቢልድ ካላችሁ ጠዋት ማልዳችሁ ወይም ማታ አስነሱት። አልጋ ወይም ፍራሽ ላይ አድርጋችሁ አታስኬዱት፤ አየር ማስገቢያው ይታፈናል።

አሠራሩ

1. በዋናው ሲስተም ላይ ቢልድ ማድረግ አቁሙ።

ብዙ ሰው ዲፒኬጂ-ቢልድፓኬጅ የሚለውን ትዕዛዝ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰጣል። ለፈጣን ሙከራ ምንም አይደለም። ለመላክ ግን አይታመንም። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው የሲ ኮምፓይለር ጂሲሲ 11 ነው። ዴቢያን 12 ላይ 12፣ ዴቢያን 13 ላይ ደግሞ 14 ነው። ያልታወጀ ፈንክሽን ስትጠሩ ጂሲሲ 11 ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ያልፋል። ጂሲሲ 14 ግን ስህተት ብሎ ያቆማችኋል። ኮዱ ያው ነው፤ የተቀየረው ኮምፓይለሩ ነው። እናንተ ማስጠንቀቂያውን ሳታዩ አልፋችሁታል፤ ሰርቨሩ አላለፈውም።

2. ንጹሕ ክሩት ፍጠሩ።

ክሩት ማለት ላፕቶፓችሁ ውስጥ ለብቻው የሚቀመጥ ትንሽ ዴቢያን ነው። በኤምኤምዴብስትራፕ ፍጠሩት። ሦስት ነገር ትነግሩታላችሁ፦ ቫሪያንቱ ቢልድዲ እንዲሆን፣ ስሪቱ አንስቴብል (ገና በሥራ ላይ ያለው የዴቢያን ስሪት) እንዲሆን፣ ውጤቱም አንድ የታር ፋይል (ብዙ ፋይል በአንድ የታሸገበት) ሆኖ እንዲቀመጥ። ፋይሉን ቤት ፎልደራችሁ ውስጥ ባለው የካሽ ፎልደር፣ ኤስቢልድ በሚባል ንዑስ ፎልደር ውስጥ አድርጉት። ስሙ ስሪቱ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ የፕሮሰሰሩ ዓይነት ይሁን። ኤስቢልድ በስሙ ነው ፈልጎ የሚያገኘው።

«ቢልድዲ» የሚለውን ቫሪያንት አትዝለሉት። ካልጻፋችሁት ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ ፓኬጅ ይገባል፤ ያኔ ተመልሳችሁ የሞላ ማጀት ውስጥ ናችሁ። ቢልድዲ የሚጭነው ለሲስተሙ የግድ የሆኑትን፣ የፓኬጅ መጫኛውን አፕትን እና ቢልድ-ኢሴንሻል የሚባለውን የመሠረታዊ ቢልድ መሣሪያዎች ስብስብ ነው። ከእነዚህ የግድ የሆኑትንና ቢልድ-ኢሴንሻልን ብቻ በቢልድ-ዲፔንድስ ሳትጠሩ መጠቀም ትችላላችሁ። ሌላው ሁሉ በስም መጠራት አለበት።

ስሪቱንም በትክክል ምረጡ። አዲስ ፓኬጅ የሚገባው አንስቴብል ነው፤ ስለዚህ ላፕቶፓችሁ ዴቢያን 13 ቢሆንም ክሩቱ አንስቴብል ይሁን። ለተለቀቀ ስሪት ማስተካከያ የምትልኩ ከሆነ ለዚያ ስሪት ሌላ ክሩት ፍጠሩ። አንዱን ለሁለቱም መጠቀም አይቻልም።

3. ኤስቢልድን አስተካክሉ።

ቤት ፎልደራችሁ ውስጥ የኤስቢልድ ሴቲንግ ፋይል ክፈቱ። የክሩት ሞዱን፣ ማለትም ክሩቱ የሚከፈትበትን መንገድ፣ «አንሸር» አድርጉት። አዳዲሶቹ የኤስቢልድ ስሪቶች ሳትነግሯቸውም በዚሁ ይጀምራሉ፤ የቆዩት ግን ኤስክሩት የሚባለውን ነው የሚወስዱት። ስለዚህ በግልጽ ጻፉት።

አንሸርን የምመርጥበት ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) መሆን አይጠይቅም። ሁለተኛውና ዋናው፣ ቢልዱ ሲጀመር ኢንተርኔቱን ይዘጋዋል። የዴቢያን ፖሊሲ ፓኬጅ ቢልድ ሲደረግ ኔትወርክ እንዳይነካ ይከለክላል። በፒፕ (በፓይተን) ወይም በኤንፒኤም (በጃቫስክሪፕት) ማውረጃ በስውር አንድ ነገር የሚያወርድ ፓኬጅ ኢንተርኔት ባለበት ላፕቶፕ ላይ በሰላም ያልፋል። አንሸር ላይ ግን ወዲያው ይጋለጣል። እዚሁ ቢጋለጥ ይሻላችኋል።

አፕት አፕዴት እና ዲስት-አፕግሬድ የሚሉትን ሴቲንጎች አታጥፉ። የዴቢያን ማከማቻ በቀን 4 ጊዜ ይታደሳል። ባለፈው ወር በፈጠራችሁት ክሩት ውስጥ ያለው ላይብረሪ ዛሬ ሰርቨሩ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው ብላችሁ አትመኑ።

4. ዳታ ቆጥቡ፤ ግን አዲሱን ከማግኘት አትቆጠቡ።

እያንዳንዱ ቢልድ ዲፔንደንሲዎቹን፣ ማለትም የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች፣ እንደ አዲስ ይጭናል። በሞባይል ዳታ ይሄ ኪስ ይጎዳል። ብዙ ሰው አሮጌ ክሩት ይዞ የሚቆየውም ለዚህ ነው። መፍትሔው አፕት-ካቸር-ኤንጂ ነው። አንዴ የወረደን ፓኬጅ ዲስክ ላይ ያስቀምጥና በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ይሰጣችኋል። አዲስ የወጣው ብቻ ነው ከኢንተርኔት የሚመጣው። የሚጠብቀው በፖርት 3142 ነው። ክሩቱን ስትፈጥሩ የማከማቻውን አድራሻ በዚህ በኩል እንዲያልፍ አድርጋችሁ ስጡት።

ሁለት ሦስት ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ካቸሩን አንዱ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ጫኑትና ሌሎቻችሁ በዋይፋይ ተጠቀሙበት። ያኔ ግን አድራሻው 127.0.0.1 (ላፕቶፕ ራሱን የሚጠራበት) መሆን የለበትም፤ ካቸሩ ያለበት ላፕቶፕ የዋይፋይ አድራሻ ይሁን።

5. ከሶርስ ፓኬጁ ጀምራችሁ ቢልድ አድርጉ።

መጀመሪያ ዲኤስሲ የሚባለውን የሶርስ መግለጫ ፋይል አውጡ። ከዚያ ለኤስቢልድ ፎልደሩን ሳይሆን ይህን ፋይል ስጡት። ሰርቨሩ የሚያየው የላካችሁትን ሶርስ ብቻ ነው። ፎልደራችሁ ውስጥ ተረስቶ የቀረ፣ ሶርሱ ውስጥ ግን ያልገባ ፋይል ካለ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመደበኛው መንገድ ከአንስቴብል ወደ ቴስቲንግ (ወደ ቀጣዩ የዴቢያን ስሪት መዘጋጃ) የሚያልፈው ሰርቨሩ ራሱ ቢልድ ያደረገው ባይነሪ (ለመጫን ዝግጁ የሆነ ፓኬጅ) ብቻ ነው። እናንተ ላፕቶፕ ላይ የወጣው ዴብ ፋይል የቱንም ያህል ቢያምር ወደዚያ አያልፍም። ስለዚህ የዚህ ሁሉ ልፋት ዓላማ ሶርሱ እዚያ እንደሚሠራ ማረጋገጥ ነው።

6. ሁለቱን ክፍል ለየብቻ ሞክሩ።

ይህን እርምጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። ፓኬጅ ሁለት ዓይነት ውጤት ሊኖረው ይችላል፦ ለሁሉም ፕሮሰሰር አንድ የሆነ፣ ለምሳሌ ፎንት ወይም ዶክመንት፤ እና ለየፕሮሰሰሩ የተለየ። ሰርቨሮቹ እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ ነው ቢልድ የሚያደርጉት። እናንተ ግን ሁልጊዜ አንድ ላይ ስታስኬዱ ለዶክመንቱ ተብሎ የተጫነው መሣሪያ ለፕሮግራሙም እያገለገለ ችግሩን ይሸፍነዋል።

ኤስቢልድን ሁለት ጊዜ አስኪዱት። አንዴ አርክ-ኦልን (ለሁሉም አንድ የሆነውን) ብቻ፣ አንዴ አርክ-ኤኒን (ለየፕሮሰሰሩ የተለየውን) ብቻ። አንዱ ከወደቀ ብዙ ጊዜ የጎደለው ዲፔንደንሲ በተሳሳተ መስመር ላይ ተጽፏል ማለት ነው። ሁለቱም ክፍል የሚፈልገው በቢልድ-ዲፔንድስ፣ የዶክመንቱ ብቻ የሆነው መጨረሻው ኢንዴፕ በሆነው መስመር ይግባ።

7. ቋንቋውን፣ ሰዓቱንና ቤት ፎልደሩን ፈትሹ።

የአማርኛ ሶፍትዌር የምትሠሩ ሰዎች እዚህ ጋ ቆም በሉ። የእኛ ሰው ፓኬጅ በብዛት የሚወድቀው እዚህ ነው።

ቀንን በአማርኛ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም አለ እንበል። ቴስቱ አንድ ቀን ይሰጠውና «ማክሰኞ» ብሎ እንዲመልስ ይጠብቃል። ላፕቶፓችሁ ላይ የኢትዮጵያ አማርኛ ሎካል (የቋንቋና የአገር ሴቲንግ) ስላለ «ማክሰኞ» ይላል፤ ቴስቱ ያልፋል። ክሩቱ ውስጥ ያ ሎካል የለም። ፕሮግራሙ ሎካሉን ሲጠይቅ «የለም» የሚል መልስ ይሰጠዋል፤ ብዙ ፕሮግራም ያን መልስ ሳያየው ይቀጥላል። ከዚያ ቀኑን በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል፤ ቴስቱ ይወድቃል። ሎጉ (የቢልዱ መዝገብ) ላይ የምታዩት «ማክሰኞ ጠብቄ ቱስዴይ አገኘሁ» የሚል ነው። ስለ ሎካል አንዲት ቃል የለበትም፤ ሰው ሰዓታት የሚያጠፋውም ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሎካልስ-ኦል የሚባለውን ፓኬጅ በቢልድ-ዲፔንድስ መጥራት ነው። ለቴስት ብቻ ስለሚያስፈልግ «ኖቼክ (ያለ ቴስት) ሲሆን አትጫን» የሚል ምልክት አድርጉበት።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው የሚሠራው፤ እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ድሬ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን በዩቲሲ ገና የትናንትናው ቀን ነው። የዛሬን ቀን ውጤቱ ላይ የሚያትም ፓኬጅ ሌሊት ቢልድ ስታደርጉት ከሰርቨሩ የተለየ ፋይል ያወጣል። ቀኑን ከቼንጅሎጉ (ከፓኬጁ የለውጦች መዝገብ) እንዲወስድ አድርጉት፤ ዲፒኬጂ-ቢልድፓኬጅ ይህን ቀን ሶርስ-ዴት-ኢፖክ በሚባል ተለዋዋጭ ውስጥ አዘጋጅቶ ይሰጣችኋል።

በተጨማሪ፣ አሁን ንጹሕ ክሩት ውስጥ ቲዜድዳታ (የሰዓት ክልሎችን የያዘው ፓኬጅ) አይገባም። «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» የሚለውን የሰዓት ክልል የሚጠይቅ ቴስት ፋይሉን ሲያጣ ብዙ ጊዜ ስህተት እንኳ አይሰጥም። ዝም ብሎ በዩቲሲ ይቆጥርና ሦስት ሰዓት የጎደለው መልስ ያመጣል። ውጤታችሁ ልክ በሦስት ሰዓት ሲዛነፍ ካያችሁ ሌላ ነገር አትፈልጉ፤ ቲዜድዳታን በቢልድ-ዲፔንድስ ጨምሩ።

ቤት ፎልደርን በተመለከተ፣ ኤስቢልድ ውስጥ የተጠቃሚው ቤት የሌለ ፎልደር ነው። እዚያ ሴቲንግ ለመጻፍ የሚሞክር ቴስት ይወድቃል። ቴስቱ ከመጀመሩ በፊት ጊዜያዊ ፎልደር ፈጥራችሁ እንደ ቤት ስጡት።

8. የሌሎቹን ፕሮሰሰሮች ጠባይ አስቀድማችሁ ሞክሩ።

የእናንተ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ኤኤምዲ64 (የተለመደው የኢንቴልና የኤኤምዲ 64 ቢት ፕሮሰሰር ዓይነት) ነው። ዴቢያን ግን ለአርም64፣ ለሪስክቪ64፣ ለኤስ390ኤክስ እና ለሌሎችም ቢልድ ያደርጋል። ሁሉንም ማስመሰል አይቻልም። አንድ ግን የግዕዝ ፊደል የሚያነብ የሲ ኮድን በቀጥታ የሚነካ ልዩነት አለ።

በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር በሚጻፉበት ኮድ) ውስጥ ለአማርኛ የምንጠቀምበት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ ሦስቱም ባይቶች ከ127 በላይ ናቸው። ኤኤምዲ64 ላይ «ቻር» የሚባለው ዓይነት ኔጌቲቭ ቁጥር ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሰው «ባይቱ ከዜሮ በታች ከሆነ አስኪ (መሠረታዊ የእንግሊዝኛ ፊደል) አይደለም» ብሎ ቢጽፍ ላፕቶፑ ላይ ይሠራለታል። አርም64፣ ሪስክቪ64 እና ኤስ390ኤክስ ላይ ግን ቻር ኔጌቲቭ አይሆንም። ቅድመ ሁኔታው ፈጽሞ አይሟላም፤ «ሀ» እንደ አስኪ ይታይና ጽሑፉ ይበላሻል።

ይህን ለማየት የአርም ማሽን አያስፈልጋችሁም። ለጂሲሲ «አንሳይንድ-ቻር» የሚለውን ምርጫ ሰጥታችሁ ቴስቱን ላፕቶፓችሁ ላይ አስኪዱት። ከወደቀ ባይቱን በግልጽ አንሳይንድ ቻር ብላችሁ አውጁትና ከ127 ጋር አወዳድሩት።

ትይዩ ሥራንም ሞክሩ። ሰርቨሮቹ ብዙ ኮር አላቸው፤ የእናንተ ላፕቶፕ 2 ሊሆን ይችላል። በዴብ-ቢልድ-ኦፕሽንስ ውስጥ ፓራለልን 8 አድርጋችሁ አንዴ አስኪዱ። ቅደም ተከተሉ በትክክል ያልተጻፈ ሜክፋይል (የቢልዱ እርምጃዎች የተጻፉበት ፋይል) ያኔ የመውደቅ ዕድሉ ይሰፋል። ራማችሁ 4 ጊጋ ከሆነ ብራውዘሩን ዝጉ።

9. ሁለቱን ሎጎች አስተያዩ።

የሰርቨሩ ሎግ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በዴቢያን ቢልድዲ ገጽ ላይ በፓኬጁ ስም ታገኙታላችሁ። የእናንተም ኤስቢልድ በዚያው ቅርጽ ሎግ ያወጣል። ሁለቱም ውስጥ «ቢልድ ኢንቫይሮንመንት» የሚል ክፍል አለ፤ የተጫነው ፓኬጅ በሙሉ ከነስሪት ቁጥሩ ተዘርዝሯል። ሁለቱን ዝርዝር ቆርጣችሁ አውጡና ልዩነታቸውን በሚያሳየው በዲፍ ትዕዛዝ አወዳድሩ።

የሚወጣው መስመር ጥቂት ከሆነ ምክንያቱ ከነዚያ ውስጥ ነው። እናንተ ጋ የሌለ ፓኬጅ እዚያ ካለ ወይም የሰርቨሩ ስሪት ከእናንተ አዲስ ከሆነ፣ ክሩታችሁን አድሱ። ትንሽ ልዩነት ያለ ጥፋትም ይኖራል፤ ሰርቨሮቹ ገና ወደ ዋናው ማከማቻ ያልደረሰ ፓኬጅ ኢንካሚንግ ከሚባለው ቦታ ይወስዳሉ። እሱን ጥቂት ሰዓት ጠብቃችሁ እንደገና ሞክሩት።

የተለመዱ ስህተቶች

ቢልዱ ሲወድቅ ክሩቱ ውስጥ ገብቶ የጎደለውን በእጅ መጫን። ገብታችሁ መመልከት ጥሩ ነው፤ ኤስቢልድ ሲወድቅ ሼል የሚከፍትበት ምርጫም አለው። ነገር ግን የጫናችሁት ነገር ኮንትሮል ፋይሉ ውስጥ ካልተጻፈ ሰርቨሩ አያውቀውም።

አማራጭ ዲፔንደንሲ ላይ መተማመን። «ይህ ወይም ያ» ብላችሁ ስትጽፉ ኤስቢልድ ለአንስቴብል የሚወስደው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እሱ ማከማቻው ውስጥ ከሌለ ሁለተኛውን አይሞክርም። የምትፈልጉትን አስቀድሙ።

ኡቡንቱ ላይ ክሩት ሲፈጠር የፊርማ ስህተት መምጣት። ዴቢያን-አርካይቭ-ኪሪንግ አልተጫነም። የፊርማ ማረጋገጫውን አጥፍታችሁ አትለፉ፤ ያልተረጋገጠ ፓኬጅ ነው የምታስገቡት።

«ዲስክ ሞልቷል» የሚል መልእክት፣ ዲስኩ ባዶ ሆኖ ሳለ። ዴቢያን 13 ላይ ቴምፕ (ጊዜያዊ) ፎልደሩ ያለው ራም ላይ ነው፤ ኤስቢልድም ክሩቱን የሚፈታው እዚያ ነው። በሴቲንጉ ውስጥ የአንሸርን ጊዜያዊ ፎልደር ወደ ዲስክ አዙሩት።

አንሸር «የተጠቃሚ ቁጥር የለም» ብሎ እምቢ ማለት። ኢቲሲ ውስጥ ሰብዩአይዲ እና ሰብጂአይዲ የሚባሉ ፋይሎች አሉ። በሁለቱም ውስጥ በስማችሁ 65536 ቁጥሮች የተመደቡበት መስመር መኖር አለበት።

ቼንጅሎጉ ላይ «አንሪሊዝድ» (ገና ያልተለቀቀ) ብሎ ትቶ ማስኬድ። ኤስቢልድ በዚያ ስም ክሩት ፈልጎ ሊያጣ ይችላል። እየሞከራችሁ ከሆነ በትዕዛዙ ላይ ስሪቱን አንስቴብል ብላችሁ ስጡት።

ቴስቱን ዘግቶ መላክ። ሰርቨሩ ላይ ወደቀ ተብሎ ቴስት ማጥፋት ተጠቃሚው ላይ ችግሩን መልቀቅ ነው። በተለይ እርምጃ 7 እና 8 ላይ ያሉት ውድቀቶች የአማርኛ ተጠቃሚ ስክሪን ላይ የሚታዩ ስህተቶች ናቸው።

ሁሉንም አድርጋችሁ፣ ሎጎቹም ገጥመው፣ ሰርቨሩ ላይ ብቻ አሁንም ከወደቀ መጀመሪያ የወደቀው በአንድ ፕሮሰሰር ነው ወይስ በሁሉም የሚለውን እዩ። በአንዱ ብቻ ከሆነና ሎጉ መሃል ላይ የተቆረጠ ወይም ጊዜ ያለቀበት ከሆነ፣ ፓኬጁን የሚያሳልፍላችሁን የዴቢያን ዴቨሎፐር «ጊቭ-ባክ» እንዲያደርግ ጠይቁ፤ ሰርቨሩ ያንኑ ሶርስ እንደገና ይሞክረዋል። ስትጠይቁ የሰርቨሩን ሎግ ሊንክ፣ የእናንተን ሎግ እና የዲፉን ውጤት አብራችሁ ላኩ።